ተከራይ ሲወጣ፣ ተከራይ ሲገባ፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ውስጥ አራት ክፍል ሰርቪስ አከራያለሁ፤ ስንቱን አስገብቼ ስንቱን እንደሸኘሁ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ጠይቁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር፦ ተከራይ ቁልፍ ሲያስረክብ የመብራቱንና የውኃውን ቆጣሪ አብራችሁ አንብቡ፤ ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ከአባይ ማዶ፦ ጋሼ፣ ተከራዬ ሰኔ 30 ይለቃል። ወዲያው ቀለም ላስቀባ ወይስ ክረምቱ ይውጣ? ክፍሉ ባዶውን ሲያድር ያንገበግበኛል።

መልስ፦ ያንገብግብህ እንጂ በሐምሌ አታስቀባ። የባሕር ዳርን ክረምት ታውቀዋለህ፤ እርጥብ ግድግዳ ቀለም አይዝም። እኔ አንዱን ክፍል በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ አስቀብቼ፣ በየጊዜው የወጣውን ተከራይ ስረግም ነበር። አንድ ቀን አልጋ የነበረበትን ጥግ በሳንቲም ጫር ባደርገው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፤ ከሥሩ እንደ ዱቄት የነጣ ጨው ረገፈ። ለካ አሸንዳው ተቀዶ የጣራው ውኃ በሙሉ መሠረቱ ሥር ይወርዳል። ተከራዮቹን በከንቱ አማኋቸው።

ክንድ የሚያህል ላስቲክ ቁረጥና ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፈህ ሁለት ቀን ተወው። ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ በግድግዳው በኩል ከታየ እርጥበቱ የግድግዳው ነው፤ መጀመሪያ አሸንዳውንና የውኃውን መውረጃ ጠግን። በክፍሉ በኩል ካላበ ግን ችግሩ አየር ማጣት ነው፤ መስኮት ይከፈት፣ አልጋውም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። ቤትህ የጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ ከተለሰነ ደግሞ ልስኑ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ የዚያ ጣጣ ረጅም ነው። ለጊዜው ሳትቀባ አከራይ፤ ለሚገባው ሰው እውነቱን ንገረው፤ ጥቅምት ላይ ሲደርቅ ትቀባለህ።

ከፔዳ አካባቢ፦ የወጣው ሰው የመብራት ዕዳ ጥሎብኝ ሄደ።

መልስ፦ ሲወጣ ቆጣሪውን አንብበሃል?

ከፔዳ አካባቢ፦ አላነበብኩም።

መልስ፦ እንግዲህ ክፈል።

ከሹም አቦ፦ የስድስት ወር ቅድሚያ ብጠይቅስ?

መልስ፦ አይሆንም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍና ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲሆን ይላል። ሌላውን ክፍለ ከተማችሁን ጠይቁ፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም።

ሌላ ጠያቂ፦ ጥሩ ተከራይ እንዴት ይገኛል?

መልስ፦ ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው? ኪራይ በወቅቱ የሚከፍል? የማያመሽ? ለይተህ ጠይቅ።

ከግሽ አባይ፦ እኔ ምጣድ ያለውን ጨርሶ አላስገባም። ፊውዙን አቃጥለው ጨረሱኝ።

አንዲት እናት፦ እንጀራ ሳይበሉ ይኑሩልህ ነው የምትል ልጄ? የምጣዱን መስመር ለብቻው በደህና ሽቦ አስዘርጋ።

ከግሽ አባይ፦ እማማ፣ የሽቦውን ዋጋ ማን ይችላል?

አንዲት እናት፦ ኪራዩን የሚቀበል ነዋ!

መልስ፦ የምጣዱን ነገር ቡና ላይ ጨርሱት። ለምጣድም ቢሆን ለየክፍሉ ቆጣሪ ካለና ከተነበበ ጭቅጭቅ የለም። ስንት ጊዜ ልናገር?

ከዘንዘልማ፦ ተከራዬ አሁን ዕቃውን ባጃጅ ላይ እየጫነ ነው። ምኑን ላስቀድም?

መልስ፦ እኔን መጠየቅህን ተውና ባጃጁ ሳይነሣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ ወደ ቆጣሪው ሂድ!