ተኩሶ ሰው የገደለን ፖሊስ በዐውደ ምሕረት መሸለም ይገባልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በአጥቢያችን የሚያስቀድስ አንድ የፖሊስ አባል ሌሊት በጥበቃ ላይ ሳለ በተኮሰው ጥይት አንድ ወጣት ሞቷል፤ ምርመራው አላለቀም። አንዳንዶች «ሰፈራችንን ከዘራፊ ጠብቆልናል» ብለው በመጪው ክብረ በዓል በዐውደ ምሕረት ካባ ሊያለብሱት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳይደርስ ይላሉ። የሟቹ እናትም የዚሁ አጥቢያ ምእመን ናቸው። እኔ ምን ላድርግ? እርሱስ መቁረብ ይችላል?

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ ለካባው መዋጮ እንዳይሰጡ፣ ሰውየውንም ከሚያባርሩት ጋር እንዳይተባበሩ እመክርዎታለሁ።

ቅዱስ ጳውሎስ ባለሥልጣን ሰይፍ የሚታጠቀው በከንቱ እንዳልሆነ ጽፏል (ሮሜ 13፥4)፤ ሰው ሲተኛ ነቅቶ የሚጠብቅ ፖሊስም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ኦሪት፣ ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ ቢሞት በመታው ላይ የደም ዕዳ እንደሌለበት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን የደም ዕዳ እንደሚሆንበት ታዝዛለች (ዘጸ. 22፥2-3)። ሟቹ ያው ሌባ፣ ምቱም ያው ምት ሆኖ ሳለ ፍርዱ የሚለየው፣ እኔ እንደምረዳው፣ የመታው ሰው ሌላ አማራጭ ስለ ነበረውና ስላልነበረው ነው። ምርመራ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ወጣቱ በእጁ ምን ይዞ ነበር፣ ምን ያህል ርቆ ነበር፣ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ነበርን፣ ጥይቱ የመታው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? ይህ ሳይታወቅ ካባ ማልበስ ሳይሾሙ መፍረድ ነው፤ ከደጅ ማባረርም እንዲሁ። «ዘራፊ ነበረ» የሚለውም ሟቹ ቀርቦ መልስ ሊሰጥበት የማይችል ክስ ነው፤ ቢሆን እንኳ ዘራፊን የሚቀጣው ፍርድ ቤት ነው።

ምርመራው ፖሊሱን ነጻ ቢያወጣውስ? ያን ጊዜም ቢሆን ዐውደ ምሕረት የዚህ ሽልማት ቦታ አይደለም። እስራኤል በእግዚአብሔር ትእዛዝ ዘምተው ሲመለሱ እንኳ ሰው የገደሉት ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀምጠው እንዲነጹ ታዘዋል (ዘኍ. 31፥19)። ንጉሥ ዳዊትም ብዙ ደም አፍስሰሃልና ቤተ መቅደሱን አትሠራም ተብሏል (1 ዜና 22፥8)። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በጦርነት የገደሉ ወታደሮችን አባቶች ከነፍሰ ገዳይ እንዳልቆጠሯቸው ከመሰከረ በኋላ፣ ሦስት ዓመት ከቍርባን ቢታቀቡ መልካም እንደሆነ መክሯል። ከእናንተው ማዶ በጣና፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም አፅማቸው ያረፈው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲልም ብዙ የዘመቱ ነገሥታት ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለነፍሳቸው የምትለምነው ግን ምሕረትን ነው።

እስኪ የበዓሉን ዕለት ያስቡት። በወርቅ ክር የተጠለፈው ካባ በትከሻው ላይ ሲያርፍ እልልታው ይቀልጣል። እኒያ እናት ጥቁር እንደ ለበሱ በሴቶች መቆሚያ አሉ፤ የልጃቸው ሙት ዓመት እንኳ አልደረሰም። አልባሾቹ የጥበቃውን ድካም እያመሰገኑ ይሆናል፤ እርሳቸው ግን ለልጃቸው ሞት እልል ሲባል ነው የሚሰሙት። ደም መመለስ በማይረሳበት ሀገር ደግሞ የሟቹ ወንድሞችም ይሰሙታል። ነገ ሽማግሌ ልካችሁ ደሙን ለማድረቅ ብትነሡ፣ በአደባባይ የሸለማችሁትን ሰው በምን አፍ ይቅር በሉት ትላላችሁ?

ለፖሊሱም ካባው አይበጀውም። ያ ሌሊት እየታየው እንቅልፍ ቢያጣ ለማን ይናገራል? ጀግና ያላችሁት ሰው በፊታችሁ ማልቀስ ያፍራል፤ እርሱን የሚያስፈልገው ግን ማልቀስና መናዘዝ ነው።

ስለ መቁረቡ የሚወስነው ነገሩን ሁሉ ከአንደበቱ የሰማ የንስሐ አባቱ ነው፤ ምናልባት ለጊዜው እንዲቆይ፣ በጾምና በስግደት እንዲተጋ ያዝዘው ይሆናል። ከጸሎትና ከቅዳሴ ግን ማንም ምእመን በር ላይ ቆሞ ሊከለክለው ሥልጣን የለውም።

እርስዎ ነገሩን ለሰበካ ጉባኤው በግልጽ ያስረዱ፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለየባለቤቱ ይመለስ። የመሥሪያ ቤቱ አለቆች አገልግሎቱን ማመስገን ቢፈልጉ ምርመራው ካለቀ በኋላ በራሳቸው ግቢ ያድርጉት። ወደ እናቲቱ ቤት ግን ካህን ይዛችሁ ከክብረ በዓሉ አስቀድማችሁ ሂዱ፤ የካባው ወሬ ሳይደርሳቸው አይቀርምና።