ለቤት መኪና የጎማ መንፊያ ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን 150 ፒኤስአይ ይተዉት

ጠያቂያችን ያነሱት ነጥብ ሁለት ነው። ለአንድ የቤት አውቶሞቢል በሲጋራ መለኮሻው የሚሰካው መንፊያ ይሻላል ወይስ ቻርጅ የሚደረገው? «150 ፒኤስአይ» (ፒኤስአይ የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተጻፈበትስ «100 ፒኤስአይ» ከተጻፈበት ይበልጣል ወይ? ከሁለተኛው ልጀምር፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

የአብዛኛው የቤት መኪና ጎማ የሚፈልገው ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ነው፤ በባር ሲሆን ከ2.1 እስከ 2.4። የእርስዎ መኪና ትክክለኛ ልክ የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ጠርዙ ላይ ተለጥፎ ያገኙታል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም። 35 ለሚበቃው ጎማ 100 እና 150 ማወዳደር ምንም አይጠቅምም። ሁለቱም ይደርሳሉ፤ ልዩነቱ በስንት ደቂቃ፣ ምን ያህል ግለው ይደርሳሉ የሚለው ነው።

ስለዚህ መታየት ያለበት በደቂቃ የሚያስገባው የአየር መጠን ነው። እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «በደቂቃ 35 ሊትር» ተብሎ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ቱቦው ከምንም ሳይያያዝ፣ አየሩን በነፃ ሲለቅ የተለካ ነው። ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት መልሶ ሲገፋው መጠኑ በብዙ ይወርዳል። ጎኑ ላይ የተጻፈው የመጠን ቁጥር 205/55 አር 16 የሆነ ጎማ ውስጡ ወደ 30 ሊትር ይይዛል። ከ20 ወደ 33 ፒኤስአይ ለማድረስ 27 ሊትር ገደማ አየር መጨመር አለበት፤ ከባዶ ከተነሣ ደግሞ 67 ሊትር ገደማ። ግፊት እያለበት በደቂቃ 10 ሊትር የሚያስገባ መንፊያ የመጀመሪያውን ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ፣ ሁለተኛውን በ7 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሳል። ለአውቶሞቢል ይህ በቂ ነው። 265/65 አር 17 የሚጠቀም ትልቅ መኪና ካለ ግን የጎማው ይዘት ከእጥፍ በላይ ስለሆነ አራቱን ጎማ ከ20 ወደ 33 ማድረስ ብቻ 25 ደቂቃ ያልፋል፤ አነስተኛ መንፊያ ያን ያህል ሳያርፍ አይሠራም። ሻጩን «ከባዶ እስከ 35 የትኛውን የጎማ ቁጥር በስንት ደቂቃ ይሞላል?» ብለው ቢጠይቁ ከሌላው ቁጥር ሁሉ የበለጠ መልስ ያገኛሉ።

ሳያርፍ የሚሠራበት ጊዜ መመሪያው ላይ አለ፤ «10 ደቂቃ ሠርቶ 10 ደቂቃ ይረፍ» ዓይነት። ይህን ቸል ማለት ነው ብዙዎቹን መንፊያዎች የሚገድላቸው። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ የሚጨመቅበት ሲሊንደርም ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም። ፒስተኑ ላይ ያለው ማጠንጠኛ ቀለበት ይጎዳና ሞተሩ እየጮኸ ጌጁ (የግፊት ማሳያው) 15 ወይም 20 ላይ ተገትሮ ይቀራል። ሲሊንደሩ የብረት የሆነው ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ በእጅ ሲመዝኑትም ክብደቱ ይናገራል።

አሁን ወደ ኃይል ምንጩ። በሲጋራ መለኮሻ የሚሰካው በ12 ቮልት ይሠራል። 10 አምፔር የሚስበው 120 ዋት፣ 15 አምፔር የሚስበው 180 ዋት ነው። የመለኮሻው ፊውዝ በብዙ መኪና 15 ወይም 20 አምፔር ሲሆን 10 የሆነበትም አለ፤ ከመግዛትዎ በፊት የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን አይተው ያረጋግጡ። መንፊያው የሚስበው ከፊውዙ በጥቂት አምፔር ማነስ አለበት። ፊውዙ እየተቃጠለ ሲያስቸግር በትልቅ ፊውዝ መተካት ክልክል ነው፤ ሽቦው ይቀልጣል። አንዱን መሰኪያ ለሦስት የሚያደርጉ ማከፋፈያዎችንም ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ፤ መጋጠሚያቸው ላላ ስለሚል ይግላሉ። ከ15 አምፔር በላይ የሚስቡት ትልልቆቹ በመቆንጠጫ በቀጥታ ከመኪናው ባትሪ ጋር የሚያያዙ ናቸው፤ ለአውቶሞቢል አያስፈልጉም፣ ለትልቅ ጎማ ግን እነሱ ናቸው።

ቻርጅ የሚደረገው ምቾቱ አያጠያይቅም፤ ገመድ የለው፣ ሞተር ማስነሣት የለ። አቅሙን ሲያዩ ግን በሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈው ብቻውን አይበቃም፤ ቮልቱ አብሮ መታወቅ አለበት። 7.4 ቮልት እና 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ሲባዛ 15 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። መንፊያው 90 ዋት ቢስብ ይህ 10 ደቂቃ ብቻ ነው፤ አንድ ባዶ ጎማ ሞልቶ ሊያልቅ ይችላል። በየወሩ ሁለት ሦስት ፒኤስአይ ለመጨመር ግን ከበቂ በላይ ነው። ትልቁ ድክመቱ ሌላ ነው። የሊቲየም ባትሪ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከርሞ ያረጃል፣ ሳይነካ ወራት ሲያልፉም ይደክማል፤ ጎማ የሚተነፍሰው ደግሞ ሳይታሰብ ነው። ይህን ከመረጡ ቤት ውስጥ ያስቀምጡት፣ በየሦስት ወሩም ቻርጁን ይዩለት።

የኔ ምክር ለአንድ አውቶሞቢል ፊውዙ እስከፈቀደ ድረስ ከ120 እስከ 180 ዋት የሆነ፣ በገመድ የሚሠራ፣ የብረት ሲሊንደር ያለው መንፊያ ነው። ዓመት ሙሉ የመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተኝቶ ከርሞም ሲፈለግ ይነሣል። ከግድግዳ መብራት ብቻ የሚሠራው ለግቢ ጥሩ ነው፤ መንገድ ላይ ግን ዋጋ የለውም።

የገመድ ርዝመት ብዙዎች የሚረሱት ነገር ነው። ሲባጎ ይዘው ከመለኮሻው ተነሥተው በበሩ በኩል እስከ ሩቁ የኋላ ጎማ ቫልቭ ይለኩ፤ የገመዱና የቱቦው ድምር ከዚያ መብለጥ አለበት። የቱቦው ጫፍ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። በመዞር የሚጠብቀው አይስትም፤ ነገር ግን ሲፈታ ትንሽ አየር ይለቃል፣ ነሐሱም ስለሚግል ጣት ያቃጥላል። በማንሻ የሚቆለፈው ፈጣን ነው፤ ውስጡ ያለው ጎማ ሲያልቅ ግን ይሾልካል ወይም በግፊት ተፈናጥሮ ይወጣል። ለእኔ የሚዞረው ይበልጣል። ቸርኬው ሽፋን ካለው ጫፉ በቀዳዳው ገብቶ መዞር መቻሉን ያረጋግጡ። ሲያያዝ ጌጁ ዜሮ ካሳየና ጎማው ባዶ ካልሆነ፣ የቫልቩ መርፌ አልተጫነም ማለት ነው፤ ፈተው እንደገና በቀጥታ ያስገቡት።

የሚፈለገው ልክ ላይ ሲደርስ ራሱ የሚያቆም መሆኑ በእርግጥ ይጠቅማል። ግን እየሠራ ሳለ የሚያሳየው ቁጥር በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር ከእውነተኛው ከፍ ሊል ይችላል። አጥፍተው ያንብቡ። ለብቻው የሚሸጥ ጥሩ የእጅ ጌጅ ገዝተው አንዴ ያነጻጽሩት፤ መንፊያው ሁልጊዜ 2 አብልጦ የሚያሳይ ከሆነ ያንን እያሰቡ ይሞላሉ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ጎማው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ። ከተነዳ በኋላ ግፊቱ በአራት ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ስለሚል ያኔ ልኬቱ ያሳስታል። ሞተሩን ያስነሡ፤ ባትሪው እንዳይደክም። ይህን ግን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አያድርጉ፤ ጭሱ ገዳይ ነው። መጀመሪያ ቱቦውን ከቫልቩ ያያይዙ፣ ከዚያ ገመዱን ይሰኩ፣ በመጨረሻ ማብሪያውን ይጫኑ።

መንፊያው የማይችለውም አለ። ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ከወጣ አየሩ በዙሪያው ስለሚያመልጥ ይህ ዓይነቱ ትንሽ መሣሪያ መልሶ አያስገባውም። ሚስማር ከገባ አይንቀሉት፤ እንዳለ ሞልተው ቀስ ብለው ወደ ጎሚስታ ይድረሱ። ተኝቶ በባዶው የተነዳ ጎማ ግን ጎኑ ውስጥ ውስጡን ስለሚቆረጥ ሞልተው አይንዱበት፤ ያስመርምሩት።

በገዙበት ቀን ስኮርታውን አውጥተው ይሞክሩበት። ብዙዎቹ ቀጫጭን ስኮርታዎች የሚሞሉት እስከ 60 ፒኤስአይ ነው፤ ልኩ ጎኑ ላይ ስለተጻፈ ያንብቡት። ከዚያ ከዋናዎቹ ጎማዎች አንዱን ወደ 20 አውርደው በሰዓት ይያዙ። አራት ደቂቃ ውስጥ 33 ካልደረሰ፣ የሚሰካው ጫፍ በእጅ የማይያዝ ያህል ከጋለ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካመጣ፣ ካርቶኑን ሳይጥሉ ወደ ሻጩ ይመልሱት።