ውጤቱ የምትጽፉትን መድኃኒት ካልቀየረው

ጤና ጣቢያ ለተመደባችሁ ወጣት ሐኪሞችና ጤና መኮንኖች፦ የዘረመል ምርመራ ከማዘዛችሁ በፊት «በውጤቱ ምክንያት የምጽፈው መድኃኒት ይቀየራል?» በሉ። ካልተቀየረ የታካሚውን ብር አታስወጡ።

የሕመም ማስታገሻውን ኮዴይን ለምሳሌ እንይ። በራሱ ደካማ ነው፤ የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ሲ ዋይ ፒ 2 ዲ 6 የተባለው ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ ኢንዛይሙን የሚያሠራው ዘረመል ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው በተለመደው መጠን ብዙ ሞርፊን ባንዴ ያመርታል፤ ይደብተዋል፣ ትንፋሹም ይዘገያል። ኢንዛይሙ የማይሠራለት ደግሞ ክኒኑን ውጦም ሕመሙ አይለቀውም። ስለዚህ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅና ለምታጠባ እናት ኮዴይን ለመተው ምርመራ አያስፈልግም፤ ሳል ሽሮፕ ውስጥ ያለውንም አትርሱ። ሌላው ማስታገሻ ትራማዶልም በዚያው ኢንዛይም ስለሚያልፍ ማምለጫ አይሆንም። ፓራሲታሞል፣ ጨጓራና ኩላሊት ከፈቀዱ አይቡፕሮፌን ስጡ፤ ከበረታ በዚህ ኢንዛይም የማይመካው ሞርፊን ራሱ አለ።

ይህን ዘረመል ውጭ አገር ተመርምሮ የውጤት ወረቀት ይዞላችሁ የሚመጣም አለ። መጀመሪያ የምታዩት ላብራቶሪው ቅጂዎቹን መቁጠሩን ነው። ካልቆጠረ ሦስት ቅጂ ያለውን ሰው «መደበኛ» ብሎ ይልክላችኋል፤ ለእኛ ሰው ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። ከቆጠረ ደምሩ፦ በደንብ ለሚሠራ ቅጂ 1፣ ለደካማ 0.5 ወይም 0.25፣ ለማይሠራ 0። ኮከብ 1ም ኮከብ 2ም በደንብ የሚሠሩ የዘረመሉ ዓይነቶች ስለሆኑ «ኮከብ 1 / ኮከብ 2 ሲባዛ 2» ማለት 1 ሲደመር 2፣ 3 ነው። ድምሩ ከ2.25 በላይ የሆነ ሰው ኮዴይንን ወደ ሞርፊን በጣም ፈጥኖ ይቀይራል፤ 0 የሆነ አይቀይርም።

ቀጥሎ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ጠይቁ። የድብርት መድኃኒቶቹ ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን ኢንዛይሙን ስለሚያፍኑት ወረቀቱ መደበኛ ያለው ሰው ኮዴይኑ ላይሠራለት ይችላል። ፍሉኦክሴቲን ከቆመም በኋላ ለሳምንታት ማፈኑን አይተውም።

ለቫይቫክስ ወባ ፕሪማኪን ስትጽፉ ግን ዘረመሉን ሳይሆን ቀይ ደም ሴልን የሚጠብቀውን የጂ 6 ፒ ዲ ኢንዛይም መጠን ለኩ፤ ኢንዛይሙ ሲያንስ ፕሪማኪን ሴሎቹን ያፈርሳል። በተለይ አንድ የተበላሸ ቅጂ ያላትን ሴት «አለ/የለም» የሚለው ፈጣን ምርመራ ደህና ናት ሊላት ይችላል፤ በቁጥር የሚለካው ይሻላል። ቀይ ደም ሴሎቹ እየፈረሱ ባሉበት ሰሞንም አዳዲሶቹ ሴሎች ኢንዛይም ስለሚበዛባቸው ውጤቱ ያታልላል፤ ካገገመ በኋላ ይደገም።