በዲስትልድ ውሃ ብቻ እንዳትሠሪ

እህቴ፣ «ከተጣራ ፍሳሽ ላይ ዳይክሎፌናክን (የሕመም ማስታገሻውን መድኃኒት) በቡና ገለባ ከሰል ላስወግድ ነው፣ ከየት ልጀምር?» ያልሽውን ሳነብ የራሴ ማስተርስ ትዝ አለኝ። ሰባት ወር ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. እውነተኛውን ፍሳሽ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረሽ ከማጣሪያ ጣቢያ ቀድተሽ ሞክሪበት። እኔ መድኃኒቱን በዲስትልድ ውሃ (ተንኖ በተጣራ ንጹሕ ውሃ) አሟሙቼ ብቻ ነበር የሠራሁት። ከሰሌ ከመድኃኒቱ ከ90 በመቶ በላይ ያዘልኝ። ግራፉን ሁሉ ሠርቼ ጨርሼ ነበር። የማጣሪያ ጣቢያውን ውሃ ሳስገባ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ለካ ፍሳሹ ቢጣራም የሚቀርበት ኦርጋኒክ ነገር ከመድኃኒቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የከሰሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀድሞ ይይዛቸዋል። ፒኤቹም (የውሃው አሲድነት መለኪያ) አለ። ከሰሉን ያዘጋጀሁት በፎስፎሪክ አሲድ ነው፣ የሞከርኩትም ፒኤች 4 ላይ። ፍሳሹ 7.5 ነበር። እዚያ ላይ ዳይክሎፌናክ ቻርጁ ኔጌቲቭ ነው፣ ከሰሉም ኔጌቲቭ። ይገፋፋሉ።

2. ፍሳሹን በስፔክትሮፎቶሜትር (ውሃው ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካ መሣሪያ) 276 ናኖሜትር ላይ ለክተሽ እንዳታምኚ። ኦርጋኒኩም እዚያው ላይ ይነበባል። ኤች ፒ ኤል ሲ (ውሃው ውስጥ ያሉትን ነገሮች ለያይቶ የሚለካ ማሽን) የግድ ነው። ያለቀስኩት እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ያለበት ቢሮ ደብዳቤ ይዤ ስሄድ «የመድኃኒት ጉዳይ ከሆነ ፋርማሲ ሂጂ» አሉኝ፣ ሰው ፊት። ሦስት ጊዜ መለሱኝ። በአራተኛው አንድ ቴክኒሺያን አዝኖልኝ ወረፋ ያዘልኝ፣ እግዜር ይስጠው። አንቺ ፕሮፖዛልሽን ሳታስገቢ ማሽኑን አረጋግጪ።

የከሰሉ መጠን ደግሞ አለ። እኔ በሊትር 1 ግራም ነበር የምጨምረው። ስዊዘርላንድና ጀርመን ውስጥ በዱቄት ካርቦን (በደቀቀ ከሰል) የሚያጣሩ ጣቢያዎች የሚጨምሩት በሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም አካባቢ ነው። በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ለሚያጣራ ጣቢያ የእኔው መጠን በየቀኑ 10 ቶን ከሰል ማለት ነው! ማን ያመርተዋል? ዲፌንስ ላይ (ጥናቴን ለፈታኞች ሳቀርብ) የጠየቁኝም ይህንኑ ነበር። ያኔ ግን መጠኑን ቀንሼ፣ በእውነተኛው ውሃ ሁሉንም ደግሜ ሠርቼ ነበር። ውጤቴ ከመጀመሪያው በጣም ያንሳል፤ ግን ቀና ብዬ ነው የመለስኩት። እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳይክሎፌናክ ብርሃን ላይ በራሱ ይፈርሳል። ፍላስክሽን በፎይል ጠቅልይው። አጠገቡ ከሰል ያልገባበት ሌላ ፍላስክ አስቀምጪ። እሱም ላይ መድኃኒቱ ከቀነሰ፣ የቀነሰውን ከሰሉ ነው ያነሳው እንዳትዪ።