ሒሳብ ክፍል ለገባችሁ ልጆች

ሰሞኑን ለገሐር አካባቢ የምትሠራ አንዲት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ «ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ማያያዝና ቁጥር ማስገባት ነው። ይሄ ሥራ ሰውን እንዴት ያረካል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። በሙያችን ጀማሪን ወረቀት እናስይዘዋለን እንጂ ወረቀቱ የማን ኑሮ ላይ እንደሚያርፍ አናሳየውም።

የደመወዝ መክፈያውን ተመልከቱ። በግል ድርጅት መሠረታዊ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 840 ብር ይቆረጥበታል። አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ፣ 1,320 ብር ያዋጣለታል። በየወሩ 2,160 ብር በስሙ መግባት አለበት። የጡረታ መለያ ቁጥሩ ላይ አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ብሩ ከድርጅቱ ይወጣል፣ ሰውየው ግን ላይመዘገብለት ይችላል። ጣጣው የሚወጣው 60 ዓመት ሞልቶት አገልግሎቱ ሲቆጠር ነው። ያን ጊዜ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ልጅ ሥራ ቀይሯል፣ ፋይሉም መጋዘን ገብቷል። የዘወትር አበል፣ ማለትም በየወሩ የሚከፈለውን ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ስለሚያስፈልግ፣ ጠርዝ ላይ ላለ ሰው የጠፉ ወራት ከባድ ናቸው። ስለዚህ ዝርዝሩን ከመላካችሁ በፊት ሁለት ሁኑ፦ አንዱ ከፋይሉ ያንብብ፣ ሌላው ስክሪኑ ላይ ይከታተል። ራሱ ያስገባውን ብቻውን የሚያነብ ሰው ስህተቱን ያልፈዋል።

ሒሳብ አልታረቅ ሲላችሁም፣ ማለትም ሁለቱ ድምሮች አልገጥም ሲሉ፣ ከላይ እስከ ታች አትልፉ። ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሃዝ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል፤ 5,460 የነበረው 5,640 ተብሎ ሲገባ ልዩነቱ 180 ነው። ካልሆነ የልዩነቱን ግማሽ የሚያህል ቁጥር ፈልጉ፤ በግራው ዓምድ (ዴቢት) የሚገባው በቀኙ (ክሬዲት) ገብቶ ይሆናል። ልዩነቱ ዜሮ ሲመጣ የሚሰማው እርካታ እውነተኛ ነው፤ እድገት እስኪመጣ አያስጠብቅም።

የዛሬ ልጆች ኤክሴል ላይ ከእኛ እጅግ ትፈጥናላችሁ። ስልካችሁ ግን ያሳስበኛል። ቁጥር እያስገቡ መልእክት መመለስ አሃዝ ያገላብጣል። እስከ ምሳ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

ማታ ፔቲ ካሹን፣ ማለትም ለጥቃቅን ወጪ የሚያዘውን ጥሬ ገንዘብ፣ ሳትቆጥሩ አትውጡ። ፈንዱ 5,000 ከሆነና የ3,150 ብር ደረሰኝ ካለ፣ ሳጥኑ ውስጥ 1,850 ብር መኖር አለበት። ከገጠመ 11:30 ላይ ውጡ፤ ማምሸት ትጋት አይደለም። የሰኔ የዓመት ሒሳብ መዝጊያ ግን ሌላ ነው፤ ያን ሳምንት ታመሻላችሁ።