መልስ፦ ዶዘሩ ሲግል አይገፋም፣ ወደ ግራም አይታጠፍም

ሰላም ወንድሜ፣ ጠዋት ደህና የሚሠራው ዲ6ዲ (የካተርፒላር ዶዘር) ከሰዓት ሲግል ወደፊትም ወደኋላም አልገፋ ካለ፣ የግራ መሪውም አብሮ ከሰነፈ፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ለማውረድ አትቸኩል። በዚህ ማሽን ካምቢዮውና የመሪ ፍሪሲዮኖቹ (ኃይል የሚያገናኙትና የሚያላቅቁት ክላቾች) የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው፤ ሁለቱ አብረው ከታመሙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጋራው ነገር ነው።

ዘይቱን ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ) እየሠራ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ሞቅ ሲል ለካ። አረፋ ከበዛው ፓምፑ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ምላጩን መሬት አሳርፈህ፣ የዘይቱን ወንፊትና ማግኔት አውጣና በነጭ ጨርቅ ጥረግ። የነሐስ መልክ ያለው ብናኝ ከፍሪሲዮን ዲስክ ነው፤ የብረት ስባሪ ከማርሽ ጥርስ ወይም ከኩሺኔታ (ቤሪንግ)፤ ጥቁር የጎማ ቁራጭ ከጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ ከሚዘጋው ጎማ)።

ንጹሕ ከሆነ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አስገጥምና የዘይቱን ግፊት ቀዝቃዛም ትኩስም እያለ ለካ። ሲግል በሁሉም ማርሽ ከወረደ ፓምፑን ጠርጥር፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ የዚያ ማርሽ ፍሪሲዮን ጎሚኒ ያሳልፋል። ግፊቱ ደህና ሆኖ ግራው ብቻ ካስቸገረ የግራ መሪ ማንሻውን ዘንግና የግራ ፍሬኑን ማስተካከያ እይ፤ ሰው ይንቀዋል እንጂ ብዙ ጊዜ ጣጣው እዚያ ነው።

ደግሞስ ምን ዘይት ነው የጨመርክበት? ተራ የሞተር ዘይት ከሆነ ዲስኮቹን ሊያንሸራትት ይችላል፤ ቲኦ-4 (ለእንዲህ ያለ ካምቢዮ የተሠራ የካተርፒላር የዘይት ደረጃ)፣ 30 ቁጥር ፈልግ።