ሳቄ ኃጢአት ሆኖብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ፒያሳ ነው። በበዓል ዕለት ቤተ ዘመድ ተሰብስበን ቴሌቪዥን ስንመለከት አንድ ኮሜዲያን ከገጠር አዲስ የመጣች የቤት ሠራተኛ ሆኖ፣ አነጋገሯን እያስመሰለ ተጫወተ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ዕንባዬ እስኪመጣ ድረስ ሳቅሁ። በዚያው ሰዓት ቡና የምታፈላልን ልጅ ከዚያው አካባቢ የመጣች ናት። እርሷም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና አብራን ሳቀች፤ ነገር ግን ቶናውን ሳትቀዳ ወደ ማድ ቤት ገብታ ቆየች። ወንድሜ «ቀልድ ነው፤ ራሷም ስቃለች» ይላል። እኅቴ ደግሞ «ጣቢያው ይከሰስ፤ ሰውዬውም ከመድረክ ይታገድ» ትላለች። ሐዋርያው ዋዛ አይገባም ማለቱን ሳስብ ተጨነቅሁ። መሳቄ ኃጢአት ነውን? ምንስ ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ነገሩን በቀላሉ ስላላለፉት እግዚአብሔር ይስጥልን። አስቀድሜ የሚያረጋጋዎትን ልናገር፤ ሳቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እናታችን ሣራ ይስሐቅን በወለደች ጊዜ «እግዚአብሔር ሳቅ አድርጎልኛል» ብላለች። በእኛም ዘንድ በቀልዳቸው እስከ ዛሬ የሚነሡት አለቃ ገብረ ሐና የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙ የማይርቀው ሀገር ፍቅር ቴአትርም በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሕዝቡን ለሀገሩ የሚያነሣሣ መድረክ ነበር፤ ስለዚህ መድረክ ሁሉ የሰይጣን ነው ብሎ የሚያስፈራራዎት ቢኖር አይስሙት።

ያስጨነቀዎት ቃል በኤፌሶን መልእክት አምስተኛው ምዕራፍ ያለው ነው። ሐዋርያው በዚያ የሚያሳፍር ነገርን፣ የስንፍና ንግግርንና ዋዛን ለክርስቲያን የማይገቡ ብሎ አንድ ላይ ያነሣቸዋል፤ መለኪያውን ግን ጥቂት ቀደም ብሎ በአራተኛው ምዕራፍ ሰጥቶናል፤ ከአፋችን የሚወጣው ቃል ለሚሰሙት ጸጋን የሚሰጥ እንዲሆን ያዝዛል። «ለሚሰሙት» የሚለውን ልብ ይበሉ። በእርስዎ ቤት ያንን ቀልድ ከሰሙት ሁሉ ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እርሷም ጀበናውን ይዛ ማድ ቤት ገባች።

ወንድምዎ «ራሷም ስቃለች» ማለታቸው ብዙ ሰው የሚያቀርበው መከራከሪያ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስበት። እኔ ራሴ ቅኔ ቤት ሳለሁ ምላሱ የሚያዝበት ጓደኛ ነበረን። ለመምህራችን ቅኔውን ሲነግር አንዱ ከበስተኋላ እያስመሰለ ይንተባተባል፤ እኛም እንስቃለን። ልጁም ከሁላችን ቀድሞ ይስቅ ስለ ነበር ምንም እንደማይሰማው ቆጠርነው። አንድ ሌሊት ከጎጆ ስወጣ፣ ከአጥሩ ሥር ብቻውን ተቀምጦ የተያዘባትን አንዲት ቃል በሹክሹክታ ደጋግሞ ሲላት ሰማሁት። ብዙም ሳይቆይ ያንን ጉባኤ ቤት ትቶ ሄደ፤ ይቅርታ ሳልጠይቀው ተለያየን፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የተሰደበ ሰው በተሳዳቢዎቹ መካከል ሲገኝ፣ በተለይም እንጀራው በእነርሱ እጅ ሲሆን፣ ከመሳቅ በቀር የሚሸሸግበት ቦታ የለውም። ስለዚህ የልጅቷን ሳቅ እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት።

እኛ የዚህ ሰፈር ሰዎች በዚህ ነገር ላይ የቆየ ዕዳ ያለብን ይመስለኛል። የሰፈራችን ስም «አራዳ» የነቃና የሠለጠነ ሰው ማሞገሻ ሆኗል፤ ከገጠር የመጣውንና አነጋገሩ ከእኛ የተለየውን ደግሞ «ፋራ» እንለዋለን። ሆኖም በሊቀ ካህናቱ ግቢ በዚያች የመከራ ሌሊት ቅዱስ ጴጥሮስን «አነጋገርህ ይገልጥሃል» ያሉት ሰዎች የገሊላን አነጋገር ከኢየሩሳሌም አነጋገር ለይተው የሚያውቁ ነበሩ። ጌታችን የመረጠው ሐዋርያ አንደበቱን ሲከፍት የአገሩ ድምፅ የሚሰማበት ሰው ነበረ።

አሁን ወደ ተመልካቹ ልምጣ፤ የጥያቄዎ ዋና ነገር ይህ ነውና። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ የማቴዎስን ወንጌል ሲያስተምር በቴአትር ቤት ስለሚሳለቁ ሰዎች ባነሣ ጊዜ፣ ወቀሳውን ይበልጥ ያከበደው በተመልካቹ ላይ ነው፤ ተዋናዩን ለዚያ ሥራ የሚጋብዘውና በሥራው የሚያጸናው የተመልካቹ ሳቅና ምስጋና ስለሆነ። ዛሬም የአዳራሹ ሳቅ ከቀልዱ ጋር ተቀርጾ ስለሚተላለፍ፣ በቤቱ የተቀመጠው ሰው ነገሩን ሳያመዛዝን አብሮ ይስቃል። የመጀመሪያው መዝሙር ምስጉን የሚለው በዋዘኞች ወንበር ያልተቀመጠውን ነው፤ ይህም ወንበር በእያንዳንዳችን ሳሎን አለ። ሳይታሰብ ያመለጠ ሳቅ ድካም ነው፤ ቀልዱ ማንን እንደሚያቆስል ካወቁ በኋላ ደግሞ መክፈት፣ ቆርጦም በቴሌግራም ለወዳጅ መላክ ግን ኃጢአት ነው። ኖኅ በድንኳኑ በተራቆተ ጊዜ ካም አይቶ ወጥቶ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን የኋሊት ሄደው ሸፈኑት።

የእኅትዎ ቁጣ ከቅንነት የመጣ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንኳ የኪነ ጥበብ ሥራንና የሃይማኖት ትምህርትን ከክልከላው ለይቶ ያስቀመጠ ስለሆነ፣ ነገሩን ሁሉ ለፍርድ ቤት መተው አይበጅም። ጌታችን ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ብሏል። ስለዚህ ለኮሜዲያኑም ሆነ ለዝግጅት ክፍሉ የትኛው ቃል ማንን እንደጎዳ በጨዋ ቋንቋ ይጻፍላቸው፤ ሳያቆስሉ ያሳቁ ቀን ደግሞ የሚያመሰግን ደብዳቤ ይድረሳቸው። ኮሜዲያኑን በሰፈሩ፣ በብሔሩ ወይም በመልኩ እየሰደቡ «ለድሆች ተቆረቆርን» የሚሉ ሰዎችን ሳይ በጣም አዝናለሁ፤ የነቀፉትን ነገር ራሳቸው እየሠሩት ነውና።

እርስዎ ነገሩን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ እርሳቸው የሚገባውን ይነግሩዎታል። ከዚያ አስቀድሞ ግን ልጅቷ አለች። ዘመድ በተሰበሰበበት አይጥሯት፤ ሁለተኛ ታፍራለችና። ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ቡናውን እርስዎ አፍልተው፣ እርሷን አጠገብዎ አስቀምጠው የመጀመሪያውን ስኒ ይስጧትና «በዚያን ቀን መሳቄ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በይኝ» ይበሏት። «ኧረ ምንም አይደለም» ብትልዎት ቃሏን እንደ ማረፊያ ይዘው ቶሎ አይነሡ፤ ስለ አገሯና ስለ እናቷ ይጠይቋት፤ በራሷ አነጋገር ስታወራም እስክትጨርስ ያዳምጧት። ልጆችዎ አጠገብ ቢኖሩ ይስሙ።